ሻንጣ ይዞ ሽምግልና

ገበያ ቢኖር ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። መርካቶ ውስጥ ነጋዴ እስክሪብቶ ይዞ ከተቀመጠ ወይ ዕቃ ተሰርቆበታል ወይ ደንበኛ ጠፍቶበታል። እኔ የተሰረቀብኝ ነገር የለም።

የምሸጠው ሻንጣ ነው። ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ሲሆን ቀሪውን አውቶቡስ ተራ አስተምሮኛል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ረድፋችን ጭር ብሏል። ጨርቅ የሚሸጠው ጎረቤቴ ቀኑን ሙሉ ዳማ ይጫወታል፤ ድስት የሚሸጠው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያሸንፈዋል። እኔ ዘንድ ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ሌላው ዕቃ ሁሉ አቧራ ሲጠጣ፣ ጎማ ያለው ትልቁ ሻንጣ ወደ ወላይታ ሶዶ መሄዱን አላቆመም። የሶዶው ደንበኛዬ ሐጂ ከድር የተማሪ ቦርሳ ማዘዝ ከተወ ቆይቷል። ሲደውል ስለ ትልቁ ሻንጣ ብቻ ነው።

ነጋዴ ዕቃዬ ለምን አልተሸጠም ብሎ ሲጠይቅ ይኖራል። ለምን ተሸጠ ብሎ የሚጠይቅ ሞኝ ነው። እኔ ሞኝ ሆንኩና ከመስቀል በኋላ ተነሣሁ። የሚያስቀረኝም ሰው አልነበረም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ መንገድ ስወጣ ቁልፌን የማስረክበው ለዳማ ተጫዋቹ ነው።

ማክሰኞ

ለማያውቅ ልንገር። የወላይታ ልጅ በየትኛውም አገር ቢሠራ ለመስቀል ቤቱ ይገባል። ሊስትሮው፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ግንበኛው፣ ሁሉም። ስለዚህ ከመስቀል በፊት ወደ ሶዶ መኪና ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ከመስቀል በኋላ ግን ወደ ሶዶ የሚወርደው አውቶቡስ ባዶውን ወርዶ ሞልቶ ይመለሳል። እኔም ይህንኑ አስቤ ሁለት ወንበር ላይ ተዘርግቼ ልሄድ ነበር የመጣሁት። መናኸሪያ ስደርስ አውቶቡሱ ጢም ብሏል።

"ሰዉ ምን ሆኗል?" አልኩት ረዳቱን።

"ሥራ ቆሟል አባቴ። በመስቀል ያልሄደው አሁን እየሄደ ነው። በመስቀል የሄደውም አልተመለሰም።"

ወደ ላይ ቀና ስል ፖርቶመጋላው ነገሩን አረጋገጠልኝ። በጆንያ የተጠቀለለ አካፋ፣ የሊስትሮ ሳጥን፣ ፍራሽ፣ የቀለም መቀቢያ። ለበዓል የሚሄድ ሰው ዘይትና ልብስ ይጭናል፤ ፍራሹን ከጫነ ቤት ለቋል ማለት ነው። ለሐጂ የጫንኳቸው ሻንጣዎች አንዱ በሌላው ሆድ ገብተው ስለነበር ረዳቱ ያስከፈለኝ በላይኛዎቹ ልክ ነው። ይህን ጥበብ የማስተምራችሁ በነፃ ነው።

አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ሸሚዙ እንደ ወረቀት የተተኮሰ ነው። ስሙን ታምራት አለኝ። ምን እንደምሠራ ጠየቀኝና ነገርኩት።

"ታድለዋል ጋሼ። እኔ ሕንፃ ነበር የምሠራው።"

"ነበር?"

"ሕንፃው አራተኛ ፎቅ ላይ ደከመው።"

ወደድኩት። ሲቪል ምሕንድስና ተምሮ የአንድ ሕንፃ ፎርማን ሆኖ ነበር። ባለሕንፃው ብረቱ ሲወደድበት ሥራውን አቁሞ፣ ዘበኛ ብቻ አስቀርቶ ሁሉንም አሰናበተ። ታምራት ሌላ ሥራ ሲፈልግ ከርሞ የቤት ኪራዩ ሲያሸንፈው ወደ አገሩ መመለሱ ነው።

ቡታጅራ ለምሳ ስንወርድ "እኔ አልራበኝም" አለ። አልራበኝም የሚል ሰው ዐይኑ የሰው ሳህን ላይ ከሆነ ለሁለት ማዘዝ ነው። አዘዝኩ፤ በላ። ከበላ በኋላ ነው ዋናውን ነገር ያወጣው። ከሶዶ ወዲያ፣ ቤሌ አካባቢ፣ አስቴር የምትባል ልጅ አለችው። ኮሌጅ ሳሉ ጀምሮ አብረው ናቸው። እሷ ነርስነት ተምራ፣ ቀጣሪ አጥታ፣ አሁን ለዓረብ አገር የቤት ሠራተኝነት ሂደቷን ጨርሳለች።

"ሐሙስ ለአባቷ ሽማግሌ እልካለሁ" አለኝ። "ከሰጡኝ ትቀራለች። እምቢ ካሉ በሚመጣው ሳምንት ትበራለች።"

"ሰጥተውህስ በምን ታኖራታለህ?"

"እሱን ቀጥሎ ነው የማስበው ጋሼ።"

መርካቶ ውስጥ እንዲህ የሚያስብ ነጋዴ ዓመት አይቆይም። ልነግረው ፈልጌ ተውኩት። ከሆሳዕና ወዲያ ዝናብ ያዘን፤ ጣሪያው በእኔ በኩል ያፈስ ስለነበር ታምራት የሥራ ማመልከቻ የሚይዝበትን ፕላስቲክ አቃፊ አውጥቶ ራሴ ላይ ደገነልኝ። እጁ እስኪዝል ያዘው። ወረቀቱ እንዳይረጥብብህ ስለው "አሁንም ያነበበው የለም" አለ።

ሶዶ ስንገባ መሽቷል፤ ዳሞታ ተራራ ደመናውን እንደ ጋቢ ተከናንቧል። መናኸሪያው አጠገብ አንድ ፔንሲዮን ያዝኩ። ባለቤቲቱ ወይዘሮ ዓለሚቱ ራት ካቀረበችልኝ በኋላ አልሄደችም፤ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"ይቅርታ፣ ለብቻህ እንዳትበላ ብዬ ነው" አለችኝ። "ድሮ እዚህ ወንበር አይገኝም ነበር። አሁን እንግዳ አንድ ሲሆን እኔ ራሴ ሁለተኛ እሆናለሁ።"

አዲስ አበባ ለብቻዬ ስበላ የሚያየኝ ቴሌቪዥኑ ነው። ይህን አልነገርኳትም። ሹሮዋን አመስግኜ ገባሁ።

ረቡዕ

የሶዶ ጠዋት ከእኛ ጠዋት የሚለየው በልብስ ነው። በእኛ ሰፈር ሥራ የፈታ ሰው ነጠላ ጫማ አጥልቆ ግድግዳ ይደገፋል። እዚህ ጠዋት ተጣጥቦ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ አቃፊውን በብብቱ ይዞ ይወጣል። ሥራ ያለው ባለባጃጁ ግን ሸሚዙ የተጨማደደ ነው፤ ለመተኮስ ጊዜ የለውም። በቶሎ የገባኝ ይህ ነው፦ ሶዶ ውስጥ ልብሱ ይበልጥ ያማረውን ሰው ስለ ሥራ አትጠይቀው።

አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ብዙ ሰው ቆሞ ግድግዳ ያያል። የሞተ ሰው ማስታወቂያ መስሎኝ ኮፍያዬን አወለቅኩ። ተጠግቼ ሳይ ለጥቂት ሰዎች የወጣ የሥራ ማስታወቂያ ነው። ኮፍያዬን መልሼ አላደረግኩም።

ሐጂ ከድር ሱቁ ከዋናው ገበያ ነው። አባቱ ከስልጤ ምድር በቅሎ እየነዳ መጥቶ የከፈተው ሱቅ ነው፤ እሱም እዚያው ሸብቷል። ተቃቅፈን ስንጨርስ ጥያቄዬን አቀረብኩ። ትልቁን ሻንጣ ማን ነው የሚገዛው?

"ተቀመጥና እይ" አለኝ።

ተቀመጥኩ። ረፋድ ላይ አንዲት እናት ከልጇ ጋር ገባች። ልጅቷ ዝም ብላ ቆመች፤ ሻንጣውን ከፍታ የምታየው፣ ዚፑን የምትሞክረው፣ ጎማውን የምታሽከረክረው እናቷ ነች። ዚፑን ስትሞክር ደጋግማ ነው፤ እንደምንም እንዲሰበርላት የምትፈልግ ትመስል ነበር። አልተሰበረም፤ የእኔ ዕቃ ነው። ገዝተው ወጡ።

"ድሮ ሻንጣ ለሙሽራ ነበር የምሸጠው" አለ ሐጂ። "እየሳቁ፣ እየተከራከሩ ነበር የሚገዙት። አሁን የሚከራከረኝ የለም። ያልከውን ይከፍላሉ፣ ይወጣሉ። ወላሂ ክርክሩ ናፈቀኝ።"

እኔም ነጋዴ ነኝና የሚከራከር ደንበኛ መጥፋት ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። ሰው የሚከራከረው ሊገዛ ሲፈልግ ነው።

ከሰዓት በኋላ ታምራት ፈልጎ አገኘኝ። ለነገ ከተዘጋጁት ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ ታሞ ኦቶና ሆስፒታል ተኝቷል። ሁለት ሰው ሽማግሌ አይባልም፤ ምስክር ነው የሚመስለው።

"እርስዎ ይሙሉልን ጋሼ።"

"አንተን የማውቅህ ከትናንት ወዲህ ነው።"

"እንግዳ ሰው ፊት እምቢ ማለት እኛ አገር ይከብዳል። አጎቴም ከመርካቶ መምጣትዎን ሲሰማ ደስ አለው።"

መርካቶ ሕይወቴን ሙሉ ዕቃ አምጣ፣ ዋስ ሁን፣ ክርክር ዳኝ ተብዬ ተጠርቻለሁ። ሽማግሌ ሁን ያለኝ ግን አልነበረም። የራሴን ሰው የማማክርበት ቤት ቢኖረኝ "ልሂድ?" እል ነበር። ሐጂን አየሁት፤ ትከሻውን ሰበቀ። ቤሌ ያሉትንም ሱቆች አያለሁ ብዬ እሺ አልኩ።

ሐሙስ

የቤሌ ሚኒባስ ከሶዶ ወደ ምዕራብ ይወጣል። አብረውኝ የሄዱት የታምራት አጎት አቶ ዳናና ጎረቤታቸው አቶ አንጁሎ ናቸው። አቶ ዳና አናጢ ነበሩ፤ ቤት የሚያሠራ ሰው ከጠፋ ወዲህ ግን ሥራቸው ሽምግልና ብቻ ሆኗል። አቶ አንጁሎ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ቀኑን ሙሉ ከአፋቸው የወጣው ቃል አንድ ነው፤ እሱን በቦታው እነግራችኋለሁ። ታምራት ኋላ ወንበር ላይ ተኮራምቶ ተቀምጧል።

መንገዱ ጭቃ ነው። አንድ ዳገት ላይ ወርደን ስንገፋ የቀኝ ጫማዬ አፉን ከፈተ። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ምክር ሰጠኝ። አቶ ዳና ግን አጠገቡ ካለ ጓሮ የእንሰት ቃጫ ለምነው አመጡና ጫማዬን ከነካልሲዬ ጥፍር አድርገው አሰሩት።

"አሁን ይሄዳል" አሉኝ። "የአዲስ አበባ ጫማ ውጩ ነው ጥሩ።"

የቤሌን ሱቆች ለማየት ብዙም አልፈጀብኝም። ባለሱቆቹ ራሳቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ሻንጣ አላችሁ ወይ ብል፣ ሰዉ የሚገዛው ሶዶ ነው አሉኝ። ታምራትን አንዲት ሻይ ቤት አስቀመጥነው፤ ጠያቂው ራሱ አይገባምና። እኛ በእግር ወጣን።

አሁን ወደ ጥፋቴ መጣሁ። እኔ ባዶ እጄን የሰው ቤት አልገባም፤ እናቴ እንዲያ ነው ያሳደገችኝ። ጠዋት ከሐጂ መጋዘን አንድ ያማረ፣ ቀለሙ ወይን ጠጅ የሆነ ሻንጣ አውጥቼ በማዳበሪያ ከረጢት አስገብቼ ነበር። አቶ ዳና ሲያዩት የምሸጠው ዕቃ መስሏቸዋል። እኔም አልነገርኳቸውም። እውነቱን ለመናገር ላስደንቃቸው ነበር።

የልጅቷ አባት የአቶ ባሳ ቤት በእንሰትና በቡና ተክል የተከበበ ነው። ደጃፉ ላይ ቆምን። "ሳሮ፣ ሳሮ" ብለን በወላይትኛ ሰላምታ ተለዋወጥን። ግቡ ሲሉን አቶ ዳና "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ። ይህ በእኛም ያለ ነው፤ አብሬ ቆምኩ፤ ጫማዬን ለመደበቅ አንዱን እግሬን ከሌላው ኋላ አድርጌ። እናትየዋ ወጥተው እኔን እንግዳውን ሲያዩ እንደ ደንባቸው ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ። እኔ ደግሞ በዚያ በተዘረጋ እጅ ላይ ከረጢቱን አኖርኩበት።

እናትየዋ ከረጢቱን ገለጥ አደረጉት። ሻንጣው ብቅ አለ።

አቶ ዳና ቀና ብለው የቤቱን ጣሪያ እንደ አናጢ መመርመር ጀመሩ። ከጓሮ በኩል አንዲት ወጣት ብቅ ብላ ሻንጣውን አየችና ተመለሰች። አስቴር መሆኗን ያወቅኩት ማንም ሳይነግረኝ ነው።

አቶ ባሳ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ሻንጣውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጫማዬንም አዩ።

"እንግዳው" አሉኝ፣ "ለልመና ነው የመጣኸው ወይስ ለሽኝት?"

"ባዶ እጅ መግባት አልሆንልኝ ብሎ ነው።"

"ለልመና የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን ነው የሚመጣው። ይዞ ከመጣ ገዢ ነው።" ሻንጣውን ደግመው አዩ። "ሌላ ዕቃ አትሸጥም?"

"ሻንጣ ብቻ ነው።"

የሳቁት አቶ ባሳ ናቸው። ግን ሳቁ አልቆየም። ያመጣሁትን መልሼ ልውሰድ ብል ደግሞ ስድብ ነው፤ ስጦታ ወደ ኋላ አይመለስም። ሻንጣው ደጃፉ ላይ እንደ አራተኛ ሽማግሌ ቆሞ ቀረ።

አቶ ዳና ጉሮሯቸውን ጠርገው በወላይትኛ ጀመሩ። ረጅም ነበር። አንዳንድ ጊዜ እጃቸው ወደ እኔ ይዘረጋል፤ ያኔ እኔ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ምን እንዳሉብኝ አላውቅም፣ ግን ሙሉ በሙሉ ተስማምቻለሁ። ሲጨርሱ አቶ ባሳ ለእኔ ብለው በአማርኛ መለሱ።

"ልጁን አውቀዋለሁ። ጥሩ ልጅ ነው። እኔ አልከለከልኩም፣ የከለከለው ሥራ ነው። የእኔ ትልቁ ልጅ ማኔጅመንት ተምሮ እቤት ተቀምጧል፤ ስድስት ሆነን አንድ ጓሮ ነው የምናየው። አሁን ደግሞ ታምራት መጥቶ ሰባተኛ ይሁን? ይሁን። ሰጥቻለሁ።"

ነጋዴ ነኝ። ሻጭ የመጀመሪያውን ቃልህን ሳይከራከር ሲቀበል ዕቃውን ደግመህ ታያለህ። አቶ ዳና ደስ ብሏቸው ሊቀመጡ ሲሉ እኔ ቆሜ ቀረሁ።

"ትቀራለች ማለት ነው?" አልኩ።

"እሱን አልጠየቃችሁኝም" አሉ አቶ ባሳ። "ልጄን ለታምራት ሰጥቻለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ የእሱ ናት። መሄድ መቅረቱን ግን እኔ አላዘዝኳትም። አስቴር፣ ነይ ንገሪያቸው።"

ወጣች። ቀይ፣ ቀጭን፣ ዐይኗን የማትሰብር ልጅ ናት። ጉልበታችንን ስማ ቆመች።

"ታምራትን እፈልጋለሁ" አለች። "ግን እሄዳለሁ። ሁለታችንም እዚህ ቁጭ ካልን ማን ማንን ያነሣል? እሱ ይጠብቀኝ።"

ያኔ ነው አቶ አንጁሎ የቀኑን አንድ ቃል የተናገሩት።

"ሎኦ" አሉ። ጥሩ ማለት ነው። ምኑ ጥሩ እንደሆነ አልተናገሩም።

ከዚያ ተቀመጥን፤ መልስ ስላገኘን እህል ተነካ። የተቀቀለ ቦይና፣ እኛ ጎደሬ የምንለው፣ ከቅቤ ጋር፤ ከጎኑ ደግሞ ዳጣ የሚባለው የቃሪያ ማባያ። ዳጣውን በእኛ አዋዜ ገምቼ ጠቀስኩ፤ ዐይኔ አነባ። እናትየዋ ሳቁና ቅቤ ጨመሩልኝ፤ "ብላ፣ ብላ፣ ይለቃል" እያሉ። የእሳቸውም ዐይን እርጥብ ነበር። እሳቸው ዳጣ አልበሉም።

ልንወጣ ስንል አቶ ባሳ ክንዴን ያዙኝ።

"በእኛ ዘንድ የጠየቀ ሽማግሌ ሥራው እዚህ አያልቅም። ቢጣሉ የምንጠራው አንተን ነው።"

"ከአዲስ አበባ?"

"ስልክ አለ አይደለም? ደግሞ ቅዳሜ የምትመለስ ከሆነ ከአስቴር ጋር አብራችሁ ሂዱ። ኤጀንሲው ድረስ አድርስልኝ። ለማላውቀው ሰው ከምሰጣት ሽማግሌዋ ይውሰዳት።"

ሻይ ቤት ስንደርስ ታምራት ከሩቅ ፊታችንን አንብቦ ብድግ አለ። አቶ ዳና ፈገግ እያሉ "ሰጡ!" አሉት። ፊቱ በራ። ቀሪውን የነገርኩት እኔ ነኝ፤ አጎቱ ጎንበስ ብለው ጫማዬን እንደገና ያስሩ ጀመር። ታምራት ሰምቶ ሲጨርስ ተቀመጠና ለሁላችንም ሻይ አዘዘ። ሻዩ ቀርቦ ቀዘቀዘ።

ዓርብ

ዝናብ ዋለ። ሐጂ ከጁምዓ መልስ ምሳ ጋበዘኝ፤ ለእኔ ብሎ የጾም ወጥ አሠርቶ። የሚስቱ ድምፅ፣ የልጆቹ ግርግር፣ የሰሃን ኳኳታ፤ ቤቱ ገበያ ነው። የሞቀ ቤት ውስጥ መብላት ከለመደው ሰው ይልቅ ያልለመደውን ነው የሚከብደው። ቶሎ ተነሣሁ።

ፔንሲዮን ስመለስ ታምራት በረንዳው ላይ ይጠብቀኛል። ያው ሸሚዝ፣ ያው አቃፊ። ጠዋት ማስታወቂያ ሲያነብ ቆይቶ ነው የመጣው።

"ትናንት እናንተ ስትመለሱ ቤሌ ቀርቼ አገኘኋት" አለኝ። "አልቀርም አለች። ጋሼ፣ ነገ መንገዱ ረጅም ነው። አንድ ነገር ይበሏት። እርስዎ ነጋዴ ነዎት፣ ሰው ያሳምናሉ።"

"አንተ ያላሳመንካትን?"

"እኔ ምን ይዤ ላሳምናት?"

ወይዘሮ ዓለሚቱ ሻይ ይዛ መጣች፤ ሦስታችን ዝናቡን እያየን ጠጣን። በእኛ ሰፈር ዝናብ ሲዘንብ ሰው ጎርፉን ያማርራል። እዚህ በረንዳ ላይ የሚያማርር አልነበረም፤ ዝናብ ሲዘንብ ሥራ ፍለጋ አለመውጣት ያሳፍራል አይባልም።

"ነገ መናኸሪያ አልመጣም" አለ ታምራት ሲነሣ። "ሰው ፊት ማልቀስ አልፈልግም።"

ቅዳሜ

ግን መጥቶ ነበር። አስቴርን ያመጣት ትልቁ ወንድሟ ሻንጣዋን ሲያስጭን ታምራት ከማዶ፣ ባጃጆቹ ኋላ ቆሞ አየሁት። እሷም አይታዋለች። አንዱም ወደ ሌላው አልሄደም። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እጁን አነሣና እንደ መሐንዲስ ርቀት የሚለካ ይመስል ግንባሩ ላይ አደረገው።

እስከ ሆሳዕና አላወራንም። ከዚያ ሥራዬን ጀመርኩ። በሕይወቴ ጎማው የሚንቋቋ ሻንጣ "ሙዚቃ አለው" ብዬ የሸጥኩ ሰው ነኝ። ስለ ሰው ቤት ከባድነት፣ ስለ ባይተዋርነት፣ ስለ ቋንቋው ሁሉ ነገርኳት። በጨዋነት ሰማችኝ።

"ጋሽ ደጉ" አለችኝ በመጨረሻ፣ "ብቀር ምን ልሥራ?"

መደርደሪያዬን ሁሉ በሐሳቤ ፈተሽኩት። አንድ የማቀርብላት ዕቃ አጣሁ። የእኔ ሱቅ ራሱ ሁለት ልጆች ያሰናበተ ሱቅ ነው።

"እንጃ ልጄ" አልኳት።

"እኔም" አለችና ትከሻዬ ላይ ተኛች። እስከ ቡታጅራ ትከሻዬን አላንቀሳቀስኩም። ሰው ትከሻዬ ላይ ከተኛ ብዙ ጊዜ ሆኖታል።

አዲስ አበባ ስንገባ መንገዱን፣ ፎቁን፣ መብራቱን ስታይ "ይህ ሁሉ ሕንፃ እያለ ታምራት ሥራ አጣ?" አለች። ኤጀንሲው ያለበት ግቢ ውስጥ እንደ እሷ ያሉ ልጆች ግድግዳ ይዘው ተቀምጠዋል። ግማሾቹ የያዙት ሻንጣ ከእኔ ሱቅ የወጣ መሆኑን ከእጀታው አወቅኩት። ነጋዴ ዕቃውን እንዲህ ተሰልፎ ሲያይ ደስ ሊለው ይገባል። ልጅቷን አስረከብኩ፤ ጉልበቴን ስማ ገባች። ቁልፌን ከዳማ ተጫዋቹ ተቀብዬ ቤቴ ገባሁና ቴሌቪዥኑን ሳልከፍት በላሁ።

ከዚያ ወዲህ

ጉዞው እዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ልጽፈው የተቀመጥኩት ግን የሽምግልናው ዕዳ ስለመጣ ነው። አስቴር ከሄደች ከሳምንታት በኋላ በድምፅ መልእክት ክስ አቀረበች። ሹክሹክታ ነው፤ አሠሪዎቿ እንዳይሰሟት ይመስለኛል።

"ጋሽ ደጉ፣ ታምራት ስደውል አያነሣም። ማታ ብቻ ነው ስልክ የሚሰጡኝ፣ እሱም ጥቂት ደቂቃ። አያነሣም። ሽማግሌ ነዎት፣ ይጠይቁልኝ።"

ጎረቤቴ ዳማውን አቁሞ ያየኛል። ታምራት ዘንድ ደወልኩ። የእኔን ወዲያው አነሣ።

"የእሷን ለምን አታነሣም?"

"ምን ብዬ ላውራት ጋሼ? እሷ ስትሠራ ውላ ነው የምትደውለው። እኔ ዛሬም ማስታወቂያ አንብቤ ተመለስኩ ልበላት?"

"አዎ በላት።"

"ትናንትም ያው ነው። ነገም ያው ነው።"

ሱቄን ዞሬ አየሁት። ከጠዋት ጀምሮ የገባ ሰው የለም። እኔስ የሚደውልልኝ ቢኖር ምን እለው ነበር ብዬ አሰብኩ። ያው ነው እል ነበር። ግን እል ነበር።

"ታምራት፣ ስማኝ። እዚያ ያለችው ልጅ የምትፈልገው ወሬ አይደለም። ያው ነው የሚል ሰው ነው የምትፈልገው። ሽማግሌህ ነኝ፣ ፈርጃለሁ፦ አንሣ።"

እሺም እምቢም ሳይል ስልኩ ተቋረጠ።

ማታውን ለብቻዬ ስበላ ስልኬን ሳህኑ አጠገብ አስቀምጬ ነበር። የሚደወለው ለእኔ አለመሆኑን አውቃለሁ። ጠዋት ሱቅ ልከፍት ስል ከአስቴር መልእክት አገኘሁ። አንድ ቃል ነው።

"አነሣ።"